የተቀደደው ካርድ

«ጎልፍ የሚጫወት አንድ መሐንዲስ ነበረ» አሉ መምህር ይርዳው፤ ጥያቄውን እንዳልሰማ ሰው ሆነው።

መቅደላዊት የጠየቀቻቸው ስለ ጎልፍ አልነበረም። በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ማስተማር ከጀመረች ሁለት ወሯ ነው፤ የሙከራ ጊዜዋን ገና አልጨረሰችም። ትምህርት ቤቱ ለአዳዲስ መምህራን ቅጽ አድሏል፤ ቅጹ «በየትኞቹ ምዕራፎች እገዛ ያስፈልግዎታል?» ይላል። እሷ ደግሞ ገና ስታስባቸው ላብ የሚያጠምቋት ምዕራፎች አሉ። ሠላሳ አራት ዓመት ፊዚክስ አስተምረው ጡረታ የወጡትን ጎረቤቷን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸውና «መምህር፣ የማላውቀውን ጽፌ ብሰጥ አያባርሩኝም? ‹ምንም› ብዬ ብሞላው አይሻልም?» አለቻቸው። ያገኘችው መልስ መሐንዲሱን ነው። መምህር ይርዳው አንዴ ከጀመሩ ማቋረጥ ስለማይወዱ አጠገባቸው ተቀመጠች። እሳቸውም ቀጠሉ።

ጎልፍ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ አይደል? ትልልቅ ሰዎች ትንሽ ነጭ ኳስ በዱላ ይመቱና፣ ኳሷ ስትጠፋባቸው ሣር ውስጥ ጎንበስ ቀና እያሉ ሲፈልጉ የሚውሉበት ጨዋታ ነው። አትሳቂ፤ እኔም ስቄ ነበር። ሜዳው ላይ አሥራ ስምንት ጉድጓድ አለ፤ ኳሷን በጥቂት ምት ሁሉም ውስጥ ያስገባ ያሸንፋል። ይህ ጨዋታ አንድ ደግ ሕግ አለው። ደካማው ከብርቱው ጋር ተወዳድሮ እንዳያፍር፣ ክለቡ ለእያንዳንዱ አባል እንደ አቅሙ ቅናሽ ይሰጠዋል። ሃንዲካፕ ይሉታል። ቅናሹ ሃያ የሆነ ሰው መቶ ጊዜ መትቶ ሰማንያ ይቆጠርለታል።

ቅናሹ የሚወጣው ከካርድ ነው። ሰው በተጫወተ ቁጥር ምቱን ካርድ ላይ ይጽፋል፤ አብሮት የተጫወተው ይፈርምለታል፤ ካርዱን በር ላይ ካለው ሳጥን ይከታል። ክለቡ የሚያውቀው ሳጥኑ ውስጥ የገባውን ነው። ያልገባውን ከየት ያውቃል?

መሐንዲሱ በደህናው ጊዜ ቅናሹ አሥራ ሁለት ነበር፤ ጎበዝ ነው ማለት ነው። በኋላ ታመመ። አንድ ጠዋት ከአልጋው ሲነሣ ግራ እጁና እግሩ አልታዘዝ አሉት፤ አንደበቱም ተሳሰረ። ሐኪም ቤት ከርሞ ወጣ፤ እግሩ ተመለሰ፣ አንደበቱ ተመለሰ፣ እጁ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። በሰማንያ አራት ምት ይጨርሰው የነበረው ሜዳ መቶ አሥር ይፈጅበት ጀመር።

ይህም ባልከፋ ነበር። ክለቡ ግን ወሰን ነበረው። በዓመት አንዴ በሚደረገው የጥንድ ዋንጫ ላይ ቅናሹ ከሃያ አራት የበለጠ ሰው አይገባም። ደንቡን ያወጡት ክፉዎች አልነበሩም፤ ቀደም ሲል ውድድሩ እየተንዛዛ ፀሐይ ጠልቃ ሳያልቅ ይቀር ስለነበር ነው።

መሐንዲሱ ያለ ዋንጫ መኖር ይችል ነበር። ያለ ፋርማሲስቱ ግን ጨዋታውን አያስበውም። ፋርማሲስቱ ጓደኛው ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ጥንድ ሆነው ተጫውተዋል። ታሞ በተኛ ጊዜ ከሥራ ሲወጣ በየቀኑ እየመጣ የደነዘዘ እጁን ያሸለት እሱ ነው። አሁን ደግሞ ፋርማሲስቱ ጓዙን ጠቅልሎ ልጆቹ ወዳሉበት ከተማ ሊሄድ ቆርጧል። የዘንድሮው ዋንጫ የመጨረሻቸው ነው።

ታዲያ መሐንዲሱ ከታመመ ወዲህ ምን አደረገ? ቀደደ። ቀን ወጥቶለት በዘጠና አምስት ወይም በዘጠና ስድስት ሲጨርስ ካርዱን ከሳጥኑ ይከታል። መቶን ሲያልፍ፣ አብዛኛውን ጊዜም ያልፋል፣ ካርዱን አራት ቦታ ቀድዶ ኪሱ ይከትና ቤቱ ሄዶ ይጥለዋል። ቅናሹ ሃያ ሦስት ላይ ተቸንክሮ ቀረ። የአባላት ቅናሽ በሚለጠፍበት ሰሌዳ ላይ ሃያ ሦስትን ባየ ቁጥር እፎይ ይላል፤ ደስ ግን አይለውም።

አምና በዋንጫው ቀን የሆነውን ገምቺ። መቶ አሥር መታ። ሃያ ሦስት ተቀነሰለት። አለኝ ባለው አቅም ለኩት፤ ምን ያድርጉ? የሁለቱ ውጤት ስለሚደመር ፋርማሲስቱንም ይዞት ወረደና ከጥንዶቹ ሁሉ መጨረሻ ወጡ። ፋርማሲስቱ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ለከርሞ» አለው። ያቺ ቃል መሐንዲሱን ከመጨረሻነቱ የበለጠ አንገበገበችው።

ዘንድሮ ለዋንጫው ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁለቱ ለልምምድ ወጡ። መሐንዲሱ መቶ አሥራ አንድ መታ። ፋርማሲስቱ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ተጫውቶ አያውቅም፤ በሰማንያ ሁለት ጨረሰ። ካርዳቸውን ተፈራረሙ። መሐንዲሱ እንደ ልማዱ የራሱን ሊቀድድ ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገባ። ፋርማሲስቱ ቀድሞት ገብቶ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፤ ወረቀት ሲቀደድ ይሰማል። ጓደኛው የሚቀድደው ያቺን የሰማንያ ሁለቷን ካርድ ነበር።

«ምን ማድረግህ ነው?» አለው።

ፋርማሲስቱ ዞረ። መሐንዲሱ ይህን ሰው ሲያፍር ሲያየው የመጀመሪያው ነው። «ጥሩ ጥሩዎቹን አላስገባም» አለ ቀስ ብሎ። «የኔ ቅናሽ ከፍ ካለ ያንተን ጉድለት ይሸፍናል ብዬ ነው። ካምናው ዋንጫ ወዲህ እንዲሁ ነኝ።»

«የኔን ታውቅ ነበር?»

«የምፈርምልህ እኔ አይደለሁ እንዴ?»

መሐንዲሱ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ። የጓደኛው ቅናሽ ከአሥራ ሦስት ወደ አሥራ ዘጠኝ ሲወጣ ሰሌዳው ላይ አይቶ «እሱም አረጀ» ብሎ አዝኖለት ነበር። አሁን ገባው። ይህ ሰው መድኃኒት ሲሰጥ ክኒኑን ሁለት ጊዜ የሚቆጥር፣ በግምት የሚባል ነገር የማያውቅ ሰው ነው። መሐንዲሱ የደበቀውን ድካም ጓደኛው አንሥቶ ተሸክሞለት ኖሯል፤ ሲሸከምም አጭበርባሪ ሆኗል። ይህ ከበሽታው ይልቅ አመመው።

ተነሣ። መቶ አሥራ አንዱን ሳይቀድድ ይዞ፣ ሳጥኑን አልፎ፣ የክለቡ ሊቀመንበር ቢሮ ገባ። ሊቀመንበሯ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ሲያዩት ሰው ያልሠራውን ጥፋት ሳይቀር ያስታውሳል።

«ቅናሼ ሃያ ሦስት አይደለም» አላቸው። «የቀደድኳቸው ካርዶች ከሠላሳ በላይ ናቸው። አሁን ያለሁት እኔ ይኼ ነኝ፣ መቶ አሥራ አንድ።» ስለ ጓደኛው አንድም ቃል አልተነፈሰም። ያን ለራሱ ለጓደኛው ተወው።

«ይህን ከነገሩኝ በኋላ ዋንጫው ላይ እንደማይገቡ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ» አለ። ከጓደኛው ጋር የቀረችውን አንዲት ውድድር በገዛ እጁ ዘጋት።

ብዙ ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ፋርማሲስቱ ነበር፤ የሰማንያ ሁለቷን ካርድ ገጣጥሞ ይዟል። የገጣጠመው በቁስል ፕላስተር ነው፤ ከፋርማሲስት ኪስ ፕላስተር መቼ ይጠፋል? የራሱን ጥፋት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረ።

ዳኛዋ ተቆጡ። ደህና አድርገው ነው የተቆጡት። ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች እጃቸውን አጣምረው ቆመው ሰሙ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ተቀበሉ። ከዚያ ያስታወሱትን ውጤት ሁሉ አስመዘገቡና ቅናሻቸው ታረመ፤ ለመሐንዲሱ ሠላሳ ሰባት፣ ለፋርማሲስቱ አሥራ ሦስት። ሁለቱ ሊወጡ ሲሉ ዳኛዋ «ቆዩ» አሏቸው። መሐንዲሱ ያለ ማንም ግፊት መጥቶ ራሱን ከውድድር ማስወጣቱ ከንክኗቸዋል። የደንቡን መዝገብ አወጡና ያን የሃያ አራት ወሰን ማን፣ ለምን እንዳወጣው አነበቡ። ምክንያቱ ሰዓት ነው። ከሰዓት በቀር አንድም ምክንያት አልተጻፈም።

«ችግሩ ሰዓት ብቻ ከሆነ» አሉ መዝገቡን እየዘጉ፣ «ከሃያ አራት የሚበልጠው ሰው ካርዱን ሳይደብቅ ያስገባና ከሁሉም ኋላ ይጫወት። ከኋላው የሚጠብቀው ሰው አይኖርም፤ ማንን ያስቸግራል?» ሰኞ ኮሚቴውን ሰብስበው አስጸደቁት፤ ማክሰኞ ማስታወቂያ ተለጠፈ።

ከዚያ የሆነውን መሐንዲሱ አልጠበቀም። በሳምንቱ ሳጥኑ ሞላ። አንዱ የጉልበቱን ሕመም ደብቆ ኖሯል፤ አንዱ የዓይኑን መድከም፤ አንዷ ደግሞ ዱላ ማንሣት እስኪያቅታት የሚጠዘጥዛትን ወገቧን። ዘጠኝ ሰው እውነተኛ ካርዱን ይዞ መጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻውን የወደቀ እየመሰለው ሲያፍር የኖረው ሰው ሰሌዳው ፊት ቆሞ ዘጠኙን ስም አንድ በአንድ አነበበ፤ ቀለል አለው።

በዋንጫው ቀን እሱና ፋርማሲስቱ ከሁሉም ኋላ ወጡ። የሚያጣድፋቸው አልነበረም። እያወሩ፣ ኳስ እየፈለጉ፣ አንዱ ባንዱ እየሳቀ ተጫወቱ። መሐንዲሱ መቶ ስምንት መታ፤ ሰባ አንድ ተቆጠረለት። ዋንጫውን አልወሰዱም፤ አራተኛ ወጡ። የመጨረሻው ጉድጓድ ጋ ሲደርሱ ግን ቀድመው የጨረሱት ሰዎች ወደ ቤታቸው አልሄዱም ነበር፤ ቆመው ይጠብቋቸዋል። መሐንዲሱ የመጨረሻዋን ኳስ አስገብቶ ቀና ሲል፣ ጓደኛው ፊቱን ወደ ዛፎቹ አዙሮ እንባውን ይጠርጋል።

መምህር ይርዳው እዚህ ላይ አቆሙና ወደ መቅደላዊት ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ መሐንዲሱ አንቺ ነሽ፤ ቅጹም ካርድሽ ነው። ‹ምንም› ብለሽ ከሞላሽው የሠላሳ ዓመት መምህር አድርገው ይለኩሻል፤ በዚያው ልክም ይፈርዱብሻል። ይህ እንኳ ላንቺ ብቻ ቢሆን እተወው ነበር። የደበቅሽውን ድካም ግን አንድ ሰው ይሸከመዋል። የማታውቂውን ምዕራፍ ሮጥ ሮጥ ብለሽ ስታልፊው የሚሸከሙልሽ እነዚያ ክፍልሽ ውስጥ ያሉ አርባ ስምንት ልጆች ናቸው። የተሸከሙት ያንቺን መሆኑን ደግሞ አያውቁም፤ ‹ፊዚክስ የማይገባኝ እኔ ደደብ ሆኜ ነው› እያሉ ያድጋሉ።»

«ቢያባርሩኝስ?» አለች መቅደላዊት።

«አያባርሩሽም ብዬ ዋስ አልሆንሽም። መሐንዲሱም ያን ቢሮ ሲገባ ዋስ አልነበረውም። ዳኛዋ ግን መዝገቡን ያነበቡት፣ እሱ እውነቱን ጠረጴዛቸው ላይ ስላስቀመጠ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ማን ምን አቅቶታል ብለው ያነባሉ?» አሉና ዘወር ብለው አዩዋት። «ለመሆኑ ስንት ምዕራፍ ነው?»

«አንድ» አለች መሬት መሬት እያየች። «አንድ?» አሉ መምህር ይርዳው። «ሦስት ነው፣ መምህር። ሦስት።»

«ነገ ከሰዓት መጽሐፉን ይዘሽ ነይ» አሉ። «በጣም ከከበደሽ ምዕራፍ እንጀምራለን።»