ለማይመልስ ሰው የተሰጠ ሰላምታ

አንዲት ልጅ ነበረች። ነርስነት ተምራ የጨረሰች፣ ነጭ ጋዋኗን አጥባ፣ ተኩሳ፣ ግድግዳ ላይ ሰቅላ የሙያ ፈቃድ ፈተና የምትጠብቅ ልጅ። አገሯ ደሴ ነው። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መስኮቱን ሲያለብሰው፣ ያ ጋዋን ከጉሙ ጋር አንድ ይሆንባትና አልጋዋ ላይ እንደተጋደመች በዓይኗ ትከተለዋለች። ሳትቀጠር ስንት በሽተኛ አዳነች መሰላችሁ፣ በሐሳቧ።

የሰፈሩን ሰው ደግሞ ታውቁታላችሁ። ገና የነርስነት ትምህርት ቤት እንደገባች "ሲስተር" ብሏታል። ባለሱቁ ሲስተር፣ ጎረቤቱ ሲስተር። የሰው ደም ግፊት ለክታ የማታውቀውን ልጅ በር ላይ አቁመው "ሲስተር፣ እስኪ ይቺን ኪኒን እይልኝ" ይሏታል። ሹመት በመስጠት ማን ይቀድመናል? እሷም ደስ ይላታል፤ ለምን እዋሻለሁ።

ፈተናው የጽሑፍም የተግባርም አለው። የጽሑፉን አለፈች። የተግባሩ ዕለት አንድ ክፍል አስገቧት። አልጋ አለ። አልጋው ላይ በሰው ቁመት የተሠራ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ተኝቷል። ጥግ ላይ ፈታኙ፣ አቶ ስለሺ የሚባል ዝምተኛ ሰው፣ እስክሪብቶ ይዞ ተቀምጧል። "ታካሚሽ እኚህ ናቸው፤ ቁስላቸውን እጠቢ" አላት።

እንግዲህ በዚህ ሙያ አንድ ደንብ አለ። ታካሚውን ከመንካትሽ በፊት ሰላም ትያለሽ። ስምሽን ትናገሪያለሽ። ምን ልታደርጊ እንደሆነ ታስረጃለሽ፤ ፈቃድ ትጠይቂያለሽ። እጅ የሚዘረጋው ከዚያ በኋላ ነው። ታካሚው አሻንጉሊት ቢሆንም ያው ነው፤ እንደ ሰው ታናግሪዋለሽ።

ልጅቷ ይህን አታውቅም? አሳምራ ታውቃለች። ግን አፈረች። ለፕላስቲክ "እንደምን አደሩ" ልትል? ለብቻው የሚያወራ ሰው እኛ ሰፈር ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። አፏን ዘግታ ሥራዋን ጀመረች። እጇን ታጠበች፣ ጓንት አጠለቀች፣ ቁስሉን ከመሐል ወደ ዳር አጸዳች፣ ሸፈነች። ንጹሕ ሥራ ነው። አቶ ስለሺ ቀና ብሎ አያት፤ የሚጠብቀው ነገር ያለ ይመስል ትንሽ ቆየ። ከዚያ አጎንብሶ ጻፈ።

ውጤቱ መጣ። ወድቃለች።

"እጄ እኮ አልተሳሳተም!" ብላ አለቀሰች። እውነቷን ነው፤ እጇ አልተሳሳተም። አብራት የተፈተነች ጓደኛዋ ቀስ ብላ አሻንጉሊቱን አናግራው እንደሆነ ጠየቀቻት። ልጅቷ ተናደደች። ለአሻንጉሊት ስላላወራሁ ነው እንዴ የምወድቀው ብላ ጓደኛዋን አኮረፈቻት። እንዲህ ነን፤ ጉድለታችንን የነገረንን እናኮርፋለን። አትሳቁ፣ እዚህ መካከልም አለ።

ቤት ውስጥ ነገሩ ከበደ። ወንድሟ ሁለተኛ ከወደቅሽ ፓስፖርት አውጪና እንደ እኩዮችሽ ወደ ዓረብ አገር ሂጂ አላት። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ጨንቆት ነው። በመንገድ ላይ "ሲስተር" ሲሏት እንዳልሰማ ሰው ታልፋለች። ያ የሚጣፍጥ ስም አሁን ይወጋታል።

በሕልሟ ደግሞ አሻንጉሊቱ ይመጣባታል። ያው አልጋ፣ ያው አንሶላ፤ ክፍሉ ግን በጉም ተሞልቷል። አሻንጉሊቱ ቀስ ብሎ ይነሣና ይቀመጣል። አያስፈራም። በሰው ድምፅ "ልጄ፣ ማን ነሽ?" ይላታል። ስሟን ልትነግረው ትሞክራለች፤ አፏ አይከፈትም። ትነቃለች።

በዚያው ሰሞን እንደ እናት ሆነው ያሳደጓት አክስቷ ወይዘሮ እታገኝ ወደቁ። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ነው። ሆስፒታል ተኙ። ዓይናቸው ይገለጣል፣ አያይም፤ ቢጠሯቸው አይመልሱም። ቤተሰቡ በየተራ ያስታምማል፤ ከሰዓት በኋላው የልጅቷ ሆነ።

የሚያስቀናም አስታማሚ ናት። ጎናቸውን በጊዜው ታገላብጣለች፣ ጀርባቸው እንዳይቆስል ታሻለች፣ ከንፈራቸውን ታረጥባለች፣ አንሶላውን ሳታንገላታቸው ትቀይራለች። ዝም ብላ። ለማን ልታወራ?

አንድ ቀን ከሰዓት ጉሙ እስከ መስኮቱ ወርዷል፤ ክፍሉ ለስላሳ ብርሃን ሆኗል። የኦክስጅኑ ድምፅ ፉ... ፉ... ይላል። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ሸለብ አደረጋት። ያ ሕልም መጣ። "ልጄ፣ ማን ነሽ?"

ባነነች። ከፊቷ የአክስቷ ዓይን ተገልጦ ወደ ጣሪያው ያያል። ያን ጊዜ ነው የገባት። ያን ሁሉ ጊዜ እኚህን ሴት ስታጥብ፣ ስታገላብጥ፣ ማን እንደሚነካቸው አንድም ቀን አልነገረቻቸውም። በዚያ ጨለማቸው ውስጥ አንድ እጅ ይመጣል፣ ይገለብጣቸዋል፣ ይሄዳል። የማን እጅ ነው?

ተነሥታ ጆሯቸው ጋ ጠጋ አለች። "እትዬ፣ እኔ ነኝ። ምንታምር ነኝ፣ ልጅሽ። አሁን ፊትሽን ላጥብሽ ነው። ውኃው ሞቅ ያለ ነው፤ አትደንግጪ።"

የጎረቤት አልጋ አስታማሚዎች ተያዩ። ምስኪን፣ ጭንቀቱ ነው አሉ። እሷ ግን ከዚያ ቀን ወዲያ አላቆመችም። በገባች ቁጥር ስሟን ትናገራለች፣ ምን እንደምታደርግ ትናገራለች፤ ሲቀጥል ደግሞ የሰፈሩን ወሬ ታወራለች፤ ማን አገባ፣ የማን ላም ወለደች። ጎናቸውን ልታዞር ስትል "ላዙርሽ እትዬ?" ትልና ትንሽ ትጠብቃለች። መልስ የለም። ታዞራቸዋለች።

እንግዲህ እናንተ አሁን የምትጠብቁትን አውቃለሁ። ወይዘሮ እታገኝ ነቅተው "ልጄ፣ ሁሉን ስሰማሽ ነበር" እንዲሉ ነው። እኔም ብላችሁ ደስ ባለኝ። አልነቁም። ክረምቱ ሲገባ፣ ዝናብ በሚዘንብበት ከሰዓት፣ እጃቸው በእጇ ውስጥ እንዳለ አረፉ። ሰምተዋል? አላውቅም። እሷም አታውቅም።

ሐዘኗ ሳይወጣላት የድጋሚ ፈተናው ቀን ደረሰ። ያው ክፍል፣ ያው አሻንጉሊት፣ ያው አቶ ስለሺ። ልጅቷ ሕልሙ ውስጥ የገባች መሰላት። አልጋው አጠገብ ቆመች። ብዙ ቆመች። አቶ ስለሺ ጀምሪ ሊላት ሲል እሷ ጎንበስ አለች።

"እንደምን አደሩ፣ አባባ። ምንታምር እባላለሁ፤ ዛሬ የማስታምምዎት እኔ ነኝ። ቁስልዎን ላጥብልዎት ነው። ሊያምዎት ይችላል፤ ሲያምዎት ይንገሩኝ፣ አቆማለሁ። ልጀምር?"

እና ጠበቀች። የእውነት ጠበቀች። እንባዋ እየወረደ ነበር፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። አጥባ፣ ሸፍና ስትጨርስ አንሶላውን እስከ አንገቱ ሳበችለት። አሻንጉሊት ይበርደዋል? አቶ ስለሺ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ነበር።

አለፈች። ፈቃዷን አገኘች፤ ፓስፖርቱም ቀረ። ጋዋኑ ከግድግዳው ወረደ።

የሥራዋ መጀመሪያ ጠዋት፣ ጉሙ ገና አልተነሣም፤ መስኮቱ ሥር ጋሽ እንድሪስ የሚባሉ አዛውንት ተኝተዋል። ሄደች። ጎንበስ አለች። አፏ እንደለመደው "እንደምን አደሩ፣ አባባ፤ ምንታምር እባላለሁ" አለች፤ እንደለመደችውም ትንሽ ቆይታ ልትቀጥል ስትል፦

"አልሐምዱሊላህ" አሉ ሽማግሌው። "አንቺስ እንዴት አደርሽ፣ ሲስተር?"

ልጅቷ ቴርሞሜትሩን እንደያዘች ቀረች። ከዚያ አለቀሰች። ጋሽ እንድሪስ ምን በደልኳት ብለው ደነገጡ። ምን ይወቁ? ስንት ቀን ሰላም ስትል ኖራ የመለሰላት የመጀመሪያው ሰው እሳቸው መሆናቸውን በምን ያውቃሉ?

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ቤታችሁ የተኛ አባት የላችሁም? ሐሳቧ የጠፋባት፣ ልጇን በእህቷ ስም የምትጠራ እናት የለችም? ታበላላችሁ። ታጥባላችሁ። ልብስ ትቀይራላችሁ። እጃችሁ አልተሳሳተም፤ እግዚአብሔር ያክብራችሁ። አፋችሁስ? የባንኩን ጥበቃ "እንዴት አደርክ" ብላችሁ ታልፋላችሁ፤ የአባታችሁን አንሶላ ግን ቃል ሳትተነፍሱ ትገፋላችሁ። አይሰማም ትሉኛላችሁ። አይሰማም ያላችሁ ማነው?

ጌታችንም አንድ ቀን የሞተች ብላቴና እጅ ይዞ አናግሯል፤ በቤቱ የነበሩት አስቀድመው ስቀውበት ነበር። ለማይመልስ ሰው የሚናገር ሁልጊዜ ይሳቅበታል። ይሳቁ። ዛሬ ቤት ስትገቡ ከመንካታችሁ በፊት ስማችሁን ንገሯቸው። "እኔ ነኝ" በሏቸው።

ይህን ብዬ ልጨርስ ነበር። ግን አንድ ነገር ልቤን ይከነክነኛል። እስካሁን ሁላችንም ራሳችንን ነርሷን አድርገን ነው የሰማነው አይደል? እኔም እንደዚያ ነው የተረክሁት።

እስኪ አልጋ ላይ ወደተኛው ወገን እንዙር። ስንት ጠዋት ነው አንድ ድምፅ ወደ አልጋችን ጎንበስ ብሎ በስማችን የጠራን? ማን እንደሆነ የነገረን፣ ሳያስገድድ ፈቃዳችንን የጠየቀ፣ መልሳችንን የጠበቀ? አጠበን፣ አገላበጠን፣ ሲበርደን ሸፈነን። እኛ ዓይናችን ተገልጦ ጣሪያ እናያለን። ጌታ ግን አልሰለቸም፤ በማግሥቱም መጥቶ እንደምን አደራችሁ ይላል።

ዛሬም ጠዋት ብሏችኋል። እባካችሁ፣ አንዳችሁ እንኳ መልሱለት።