ከወንበሩ ሥር የቀረው ቱቦ

ሴት ልጁን ሩቅ አገር የዳረ አንድ ሰው ነበረ። ልጅቱ በባሏ ቤት ከፋኝ፣ ና ውሰደኝ እያለች ደጋግማ ላከችበት። ሰውየው ወደ ቀድሞ መምህሩ ሄደና «የኔታ፣ እኔና እናቷ ካየነው መከራ ጋር የእሷ ምንም አይደለም። ቻይው ብላት አጠፋሁ?» ሲል ጠየቃቸው። መምህሩ ይህን ነገሩት።

አንድ ላሜራ ቀጥቃጭ ነበረ። ባረጀ መኪና የታች አጽም፣ በሻንሲው ላይ፣ አዲስ የላሜራ አካል ሠራ። የሚነዳው ታናሽ ወንድሙ ነበር። ጣሪያው ሰፊና ስስ ነበርና ወንድሙ ፈራ። «ጋሼ፣ ስፈጥን ነፋሱ ላሜራውን ወደ ላይ ይስበዋል። እንዳይነቅለው!» አለው።

ቀጥቃጩ ሰነፍ አልነበረም፤ እለካዋለሁ አለ። ጣሪያውን እዚህም እዚያም በስቶ በየቀዳዳው ቀጭን ቱቦ አስገባና ከአየር ግፊት መለኪያ ጋር አገናኘው። መለኪያው ግን የሚያሳየው የጣሪያው አየር ከሌላ አየር ጋር ያለውን ልዩነት ነው። ስለዚህ ከመለኪያው የሚወጣ የሌላ አንድ ቱቦ ጫፍ በረጅም ዘንግ ከመኪናው ፊት ርቆ፣ ነፋሱ ካልተረበሸበት ቦታ መታሰር ነበረበት። እሱ መንገደኛ ይስቅብኛል ብሎ ዘንጉን ተወው። ጫፉን ከራሱ ወንበር ሥር ጣለው።

ቀኑ ሞቃት ነበር። ወንድሙን አጠገቡ አስቀምጦ፣ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቶ፣ መኪናውን ራሱ እየነዳ በሜዳው ላይ ከነፈ። ነፋሱ በተከፈቱት መስኮቶች የውስጡንም አየር እንደ ጣሪያው ይስበው ነበር። ውስጡም ላዩም አብረው ስለተሳቡ መለኪያው ንቅንቅ አላለም። «ይኸው፣ ምንም የለም! አንተ ደግሞ ፈሪ ነህ» ብሎ በወንድሙ ሳቀበት። ጣሪያውንም በጥቂት ብሎን አሰረው።

ዝናብ የጣለ ዕለት ወንድሙ መስኮቶቹን ዘግቶ ብቻውን ቁልቁለቱን ወረደ። አየር ከውስጥ ገፋ፣ ነፋስ ከላይ ሳበ። ጣሪያው ከፊት በኩል ተገንጥሎ ተነሣ። ወንድሙ ደንግጦ መሪውን ሲጠመዝዝ መኪናው ገደል ገባ።

ቀጥቃጩ ወንድሙን ቀብሮ ሲመለስ መለኪያውን አንሥቶ ሊሰብረው ፈለገ። እጁ ግን እምቢ አለው። መለኪያው አልዋሸም፤ የተጠየቀውን ነበር የመለሰው።

መምህሩ ወደ አባትየው ዞሩ። «አንተም የልጅህን መከራ ከራስህ ወንበር ሥር ሆነህ ለካኸው። አንተ ስትቸገር መስኮትህ ክፍት ነበር፤ ዘመድ ነበረህ፣ ሲከፋህ ደጁን የምትመታው ጎረቤት ነበረህ። እሷ በማታውቀው አገር ሁሉም ተዘግቶባታል። ለመሆኑ ለመጨረሻ ጊዜ የላከችብህ መቼ ነው?»

«ከፋሲካ በፊት ነው፣ የኔታ። ከዚያ ወዲህ ዝም ብላለች። እኔም ቻለችው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

የመምህሩ ፊት ጠቆረ። «ያም መለኪያ ዝም ብሎ ነበር» አሉት። «ተነሥ፣ አሁኑኑ ሂድ።»