የሊጥ ማሽኑ ክዳን

አንድ የማሽን ጠጋኝ ነበረ። «ወንድሜ ድሮ የማውቀው ሰው አይደለም፣ ከእሱ ጋር ግንኙነቴን ልቁረጥ ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛልና የእሱን ነገር ስማ።

ይህ ሰው ካቻቢቴውን ይዞ ሲገባ የተበላሹ ማሽኖች ከድንጋጤ ብዛት በገዛ እጃቸው ይነሣሉ ይባልለት ነበር። እኔ እንኳ በዓይኔ ያየሁት ሦስቱ ሲነሡ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ከትልቅ ዳቦ ቤት ተጠራ፤ ሊጥ ማቡኪያው ቆሟል። ከማሽኑ ክዳን ሥር አንዲት ስዊች አለች። ክዳኑ ሲዘጋ ይጫናታል፣ ኃይል ታሳልፋለች፤ ክዳኑ ሲነሣ ታቋርጣለች። የአቡኪዎችን እጅ የምትጠብቀው እሷ ናት። ጠጋኙ የሽቦውን ንድፍ ዘረጋ። በንድፉ ላይ የስዊቿ መስመር ዘንበል ብላ፣ ከማዶዋ ነጥብ ሳትደርስ ቀርታለች፤ ኃይል አታሳልፍም ማለት ነው። ክዳኑ እንደተዘጋ ኃይል በሚለካው ቴስተር ነካት። ታሳልፋለች!

«ተበላሽታለች» አለና ነቅሎ ጣላት። በምትኳ ክዳኑ ሲጫናት የምታቋርጥ ሌላ ስዊች አስገባ። አንድ የላላ ሽቦም አገኘና አጠበቀ። ማስነሻውን ቢያዞረው ማሽኑ ጭጭ። ማስነሻውን ሳይመልስ እንደገና ንድፉ ላይ አቀረቀረ።

አቡኪዋ ሴት ሊጡ እንዳይበላሽባት በእጇ ልታወጣው ክዳኑን አነሣች። ክዳኑ ገና ከፍ እንዳለ እጇን ስትሰድ ማሽኑ ተነሣ። እጅጌዋን ጠቀለለው፤ ክንዷ ተከተለ። ጠጋኙ ዘሎ ሲያጠፋው የማቡኪያው ብረት ክርኗ ላይ ሊደርስ የጣት ስፋት ነበር የቀረው።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔንም ልታቦካኝ ነው?»

«እትዬ፣ እኔ ምን ላድርግ! ንድፉ ነው እንዲህ የሚለው።»

እጅጌዋን ከብረቱ አላቅቃ ወረቀቱን አየችው። «ይሄ ሲሳል ክዳኑ ተዘግቶ ነበር?»

ጠጋኙ ጎንበስ ብሎ ንድፉን እንደገና አየ። ከንድፉ ግርጌ፣ ሁልጊዜ በሚዘላት ቦታ፣ «ስዊቾቹ የተሳሉት ምንም ሳይጫናቸው ነው» ተብሎ ተጽፏል። የጣላትን ስዊች ከመሬት አነሣ፤ በሸሚዙ ጠርጎ ወደ ቦታዋ መለሳት። ማሽኑም ክዳኑ ተዘግቶ ዞረ።

አየህ ልጄ፣ አንተም የወንድምህን መልክ የያዝከው ምንም ባልተጫነው ዘመን ነው። ዛሬ ልጁን ቀብሮ ፊቱን ቢያዞርብህ ያንን የድሮ ሥዕል ዘርግተህ «ተበላሸ» አልክ። ምን እንደተጫነው ግን አልጠየቅህም። ተነሥ፣ ሂድና አጠገቡ ተቀመጥ። እሱን ነቅለህ በምትኩ የምታስገባው ሰው፣ እጅህን የምትሰድ ዕለት ምን እንደሚያደርግህ አታውቅም።