ሳይቆረጥ የተቆላው ዳቦ ቆሎ

አንድ ጊዜ ጅብ አህያ ቤት ሙያ ሊማር ሄደ። ሊበላት አይደለም፤ ሊማር። ነገሩ ግራ ቢያጋባችሁ አልፈርድባችሁም፤ አህያዋንም ግራ አጋብቷት ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። በወንዙ ዳር ያለው ለምለም መስክ ጭቃ ሹም የነበረው ሽማግሌ በሬ ሞተ። የአገሩ ሕግ ደግሞ በመስኩ ላይ የሚኖር ፍጥረት ያለ ጭቃ ሹሙ ፈቃድ አይነካም ይላል። በሬው ጅብን ባየ ቁጥር ቀንዱን ይስልበት ስለነበር፣ እመት ዳልቼ የምትባለው አህያ ድንቡሼ ከምትባል ውርንጭላዋ ጋር እዚያ በሰላም ትኖር ነበር። አሁን ግን ሹመቱ ባለቤት አጣ። በዚያው ሰሞን ንጉሡ አንበሳ ቆላ የተዳረችው ልጁ መውለዷን ሰምቶ ሊጠይቃት ተነሣና እንዲህ ሲል አስነገረ፦

«መንገዱ ረጅም ነው፤ አደን የሚባል ነገር የለበትም። ለስንቄ የሚሆን ጥሩ ዳቦ ቆሎ ያዘጋጀልኝን የመስኩ ጭቃ ሹም አደርገዋለሁ!»

አንበሳ ዳቦ ቆሎ ይበላል ወይ የምትሉ ትኖራላችሁ። ታገሡ፤ የምትቆላዋ አህያ ናት፤ ገና ብዙ ትሰማላችሁ።

አያ ጅቦ አዋጁን ሲሰማ ምራቁን ዋጠ። «መስኩ የኔ ከሆነ በላዩ ያለውም የኔ ነው» ሲል አሰበ። «መጀመሪያ ድንቡሼን፣ ከዚያ እናቷን…» ችግሩ ዳቦ ቆሎን ከመብላት በቀር ስለ ዳቦ ቆሎ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ወደ ቀበሮ ዘንድ ሮጠ።

«እመት ቀበሮ፣ ዳቦ ቆሎ እንዴት ነው የሚሠራው?»

«እኔ ምን አውቄ! ለዳቦ ቆሎ እንደ እመት ዳልቼ ቤት በዚህ አገር የለም። ከቅድመ አያቷ ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ሙያ ነው። ሄደህ ጠይቃት።»

«ትነግረኛለች ብለሽ ነው?»

«ሙያ ለጠየቀ አለመከልከል የዚያ ቤት ወግ ነው። ብቻ ጥርስህን ሸፈን አድርግ። ስትሾም ደግሞ እኔን እንዳትረሳ።»

በማግስቱ ጅብ ከአህያ ደጅ ቆሞ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እንደምን አደሩ እመት ዳልቼ!»

እመት ዳልቼ በሕይወቷ አንቱ ተብላ ስለማታውቅ፣ ከኋላዋ ሌላ እንግዳ የቆመ መስሏት ዞረች። ማንም የለም። ድንቡሼ ግን ጅቡን እንዳየች ከእናቷ ሆድ ሥር ገብታ ተሸሸገች።

ጅብ የመጣበትን ነገር አስረዳ። እመት ዳልቼ ፈራች። ለምን እንደመጣ፣ ቢሾምም ማንን እንደሚያስቀድም በደንብ ገብቷታል። እናቷ ግን «ዳቦ ቆሎን የደበቀ በልጁ ሠርግ ብቻውን ይቆርጣል» እያለች ነበር ያሳደገቻት፤ የዳቦ ቆሎ ሊጥ ጎረቤት ተሰብስቦ ካልተጋገዘበት ተቆርጦ አያልቅምና። የእናቷን ቃል ማፍረስ አልሆነላትም።

«እሺ፣ ስማ አያ ጅቦ» አለችው። «ዱቄቱን ከጨው፣ ከትንሽ በርበሬና ከቅቤ ጋር ጠጠር አድርገህ ታሸዋለህ። ሊጡ አረፍ ሲል እንደ ገመድ ታድበለብለዋለህ። ከዚያ በሽንብራ ፍሬ ልክ ትቆራርጠዋለህ።»

«በምን ነው የምቆርጠው?»

«ያን ሁሉ ጥርስ ይዘህ በምን ትለኛለህ? እኛ በጥርሳችን ነው» አለችና ንክስ፣ ትፍ፣ ንክስ፣ ትፍ እያደረገች አሳየችው። «ተቆርጦ ሳያልቅ አይቀመስም፤ የቤታችን ሕግ ነው። ቀጥሎ በለዘብ ያለ እሳት እያማሰልክ ትቆላዋለህ። ሲበስል አስጥተህ አቀዝቅዘው፤ በትኩሱ ስልቻ ውስጥ ከከተትከው ያልበዋል።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ሌላ ምስጢር የለውም?»

«የለውም።»

ጅብ አላመናትም። እንዲህ የሚጣፍጥ ነገር እንዲህ በቀላሉ አይነገርም ሲል እያጉረመረመ ሄደ።

ድንቡሼ ከተሸሸገችበት ወጣች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «እማዬ፣ ሁሉንም ነገርሽው? ሹም ሆኖ እንዲበላን ነው?»

«መስማት ቀላል ነው ልጄ። መሥራቱን ደግሞ እናያለን» አለች እናት። ይህን ትበል እንጂ ያን ቀን ሣር አልወረደላትም። በማግስቱም ለንጉሡ የሚሆን የራሷን ዳቦ ቆሎ ቆልታ፣ አቀዝቅዛ በስልቻ ከተተች።

አሁን ጅብን ቤቱ እንየው። ዱቄቱን በጨው፣ በበርበሬና በቅቤ አሸ። መቼም እውነት እውነት ነው፣ አስተሻሸቱ አያስነውርም። ሊጡን እንደ ገመድ አድበለበለ። ከዚያ ለመቁረጥ ተቀመጠ። ንክስ፣ ዋጥ። ንክስ፣ ዋጥ። «ትፍ» የምትለዋ ነገር ከጉሮሮው አልወጣ አለች። ይቆርጣል፣ ይቆርጣል፤ ሊጡ ያልቃል፣ ሰፌዱ ግን ባዶ ነው።

እመት ቀበሮ የሥራውን ነገር ልታይ ብቅ አለች።

«የቆረጥከውስ የት አለ?»

«ከማለዳ ጀምሮ እየቆረጥኩ ነው! ግን ምን እንደሚሆን አላውቅም፣ ይጠፋል።»

ቀበሮ የጅብን ጢም አየት አደረገች። ጢሙ ዱቄት በዱቄት ሆኗል። «እንዲህ ከቀጠልክ ንጉሡ ባዶ ስልቻ ይዘው መሄዳቸው ነው» አለችው።

ጅብ አሰበ። ጅብ ሲያስብ ማየት ያደክማል፤ ግንባሩ ይኮማተራል፣ ጆሮው ይወድቃል፣ አንዳንዴም እንቅልፍ ይወስደዋል። በመጨረሻ ብድግ አለ።

«ገባኝ! እሷ የምትቆራርጠው ድሃ ስለሆነች ነው፤ ጥቂቱ ለብዙ እንዲዳረስ። ንጉሥ ምን በወጣቸው! ለንጉሥ ትልቅ ነገር ነው የሚቀርበው። አልቆርጠውም!»

እመት ቀበሮ ነገሩ እንደማያዋጣ ወዲያው ገብቷታል። ግን ጅብ ቢሾም ድርሻዋን ታገኛለች፤ ባይሾም ደግሞ የምትስቅበት ታገኛለች። ስለዚህ ዝም አለች።

ጅብ የተረፈውን ሊጥ ሁሉ አንድ ላይ ጠቅልሎ ምጣድ ላይ ዘፈዘፈው። በለዘብ ያለው እሳት አልደርስ ስላለው ግንድ ጨመረበት። ጭሱ ቤቱን ሞላ፤ ሊጡም ውጭው ጠቁሮ የምድጃ ጉልቻ መሰለ። ጅብ «በሰለ!» አለና በትኩሱ ስልቻ ውስጥ ከተተው።

የመንገዱ ቀን ደረሰ። አንበሳ ከፊት፣ ጅብና ቀበሮ ከኋላ ሆነው ጉዞ ተጀመረ። ሁለቱን ስልቻ ማን እንደተሸከመ መናገር የሚያስፈልግ አይመስለኝም። እመት ዳልቼ በአንድ ጎኗ የራሷን፣ በሌላው የጅብን አንጠልጥላ፣ ድንቡሼን አስከትላ ወደ ቆላ ወረደች። ጅብ በመንገዱ ሁሉ ዓይኑን ከውርንጭላዋ ዳሌ ላይ አላነሣም።

ፀሐይዋ ስትበረታ ከአንድ ግራር ጥላ ሥር አረፉ።

«እስቲ ስንቁን አምጡ» አለ አንበሳ።

«የኔን ያስቀድሙ ጌታዬ! የኔ ትልቅ ነው!» አለ ጅብ።

አንበሳ ጥቁሩን ድቡልቡል ገመጠ። ቅርፊቱ እንደ ከሰል ተሰበረ፤ ውስጡ ግን ሊጥ ነበር፣ ያውም በላብ የኮመጠጠ ሊጥ። ላዕላይና ታሕታይ መንጋጋው ግጥም ብለው ተጣበቁ። ሊያገሣ ሞከረ።

«ምምምም!»

«ጌታችን ጣፈጠኝ እያሉ ነው» ብላ ተረጎመች ቀበሮ።

«ምምምምም!!»

ቀበሮ የንጉሡን ዓይን አየችና «አይደለም መሰለኝ» ብላ ወደ ኋላ ሸሸት አለች።

አንበሳ በጥፍሩ ሊጡን ከጥርሱ እየፈለቀቀ ለማውጣት ብዙ ታገለ። አፉ ሲላቀቅለት ያገሣው ግሣት ከግራሩ ላይ ወፎቹን ሁሉ አባረረ። «ይህን ያበሰለው ማነው?»

ጅብ መሬት ላይ ተደፋ። «ጌታዬ፣ እሷ ናት ያሳሳተችኝ! ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ምስጢሩን ግን ደብቃኛለች!»

አንበሳ ወደ አህያዋ ዞረ። «እመት ዳልቼ፣ ለንጉሥ ስንቅ የሚሆን ሙያ ተጠይቀሽ ደብቀሽ ከሆነ ክህደት ነው። እዚሁ አንቺንም ልጅሽንም ለእሱ እሰጣለሁ። ምን ትያለሽ?»

እመት ዳልቼ ወደ ልጇ ተጠጋች። ድንቡሼ ከእግሯ ሥር ተለጠፈች። አህያ ስትፈራ ታናፋለች ይባላል፤ እሷ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው።

«እኔ ብናገር ለራሷ አደላች እባላለሁ። ያልኩትን እሱ ራሱ ይናገር ጌታዬ።»

ጅብ ደስ አለው። ሁልጊዜ ሞኝ የሚሉት ሁሉ ዛሬ ያፍራሉ። «አንድም ሳይቀረኝ አስታውሳለሁ!» ብሎ ደረቱን ነፋ። «ዱቄቱን በጨው፣ በበርበሬና በቅቤ ጠጠር አድርገህ እሸው አለችኝ። እንደ ገመድ አድበልብለው አለችኝ። በሽንብራ ልክ ቁረጠው አለችኝ።»

«ቆረጥክ?» አለ አንበሳ።

«ቆረጥኩ እንጂ!»

«የታለ የቆረጥከው?»

ጅብ ሆዱን ጠቆመ።

ቀበሮ አፏን በጅራቷ ሸፈነች። አንበሳ «እሳቱስ?» ሲል ጠየቀ።

«ለዘብ አድርገው ብላኝ ነበር፤ ግን እርቦኝ ነበር።»

«ማቀዝቀዙስ?»

«እሱንም ነግራኛለች፤ ግን ከቀዘቀዘ እበላዋለሁ ብዬ ፈራሁ።»

«ታዲያ አንተ ወስላታ፣ ደበቀችኝ የምትለው ምኑን ነው?»

ጅብ ግንባሩን አኮማትሮ አሰበ። ከዚያ ፊቱ በራ። «አገኘሁት! ሳይውጡ እንዴት እንደሚቆረጥ አልነገረችኝም!»

«እሱን እንኳ እናትህ ነበረች ልታስተምርህ የሚገባት!» አለ አንበሳ።

ይህን ብሎ የእመት ዳልቼን ስልቻ ፈታ። አንድ ፍሬ ቀመሰ፤ ቅርጭም አለለት። አንድ እፍኝ ደገመ። ፊቱ እየለዘበ ሄደና እሱ ገና ደቦል ሳለ አባቱ መንገድ ይዞት ሲወጣ የሚሰጠው ዳቦ ቆሎ ልክ እንዲህ እንደነበረ ተናገረ።

«ከዛሬ ጀምሮ የመስኩ ጭቃ ሹም አንቺ ነሽ እመት ዳልቼ። ያለ ፈቃድሽ በመስኩ የሚያልፍ ጅብ ቢኖር ለኔ ይነገረኝ።»

እመት ዳልቼ አለቀሰች። ልጇን አንገቷ ሥር አስገብታ፣ ማን አየኝ ሳትል፣ ደስ ብሏት አለቀሰች። ድንቡሼም ከተወለደች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጅብን ትክ ብላ አየችው።

ቅጣቱም ወዲያው ተፈረደ። የቀረውን መንገድ ሁሉ ስልቻውን የሚሸከመው ጅብ ሆነ። የተቆላው ዱቄትና ቅቤ ሽታ ከገዛ ጀርባው ላይ ይመጣበታል፤ አንገቱን ቢጠመዝዝ፣ ምላሱን ቢዘረጋ አይደርስበትም። ይባስ ብሎ ከኋላው የሆነ ነገር ቅርጭም ቅርጭም ይላል።

«እመት ቀበሮ፣ ከኋላዬ ምንድን ነው የሚንቀጫቀጨው?»

ቀበሮ የስልቻውን አፍ ላላ አድርጋ ይዛ አፏን ሞልታለች። «ጥርሴ ነው አያ ጅቦ» አለችው በዚያ በቆላ ፀሐይ። «በረደኝ።»

«ውይ፣ እግዜር ይማርሽ» አላት ጅብ ከልቡ አዝኖ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሙያ ሲወረስ የሚወረሰው አሠራሩ ብቻ ሳይሆን ልፋቱና ትዕግሥቱም ጭምር መሆኑን ነው።