ግልገሏ ድመትና ጥፍር ከርካሚዋ

ተረት ተረት፤ እናንተ ስሙኝ፣ እኔ ላውራ።

አንዲት ግልገል ድመት ነበረች። ጥፍሯን መልሳ መሸሸግ ገና ስላልለመደች የረገጠችው ሁሉ ይይዛታል። አንድ ቀን እናቷ ለአደን ወጥታ ሳለ የቀኝ መዳፏ ጥፍር ብርድ ልብስ ውስጥ ተሰክቶ አልወጣ አላት። ብትጎትት ባሰባት፤ አለቀሰች።

ለቅሶዋን የሰሙ አይጦች ጉድጓዳቸው ውስጥ ተማከሩ። ሽማግሌው አይጥ፣ "ይቺ ልጅ ሳታድግ ጥፍሯን ከሥሩ ብንቆርጥላት ዕድሜ ልካችንን በሰላም እንኖራለን። ለእኔ ተዉት" ብሎ ወጣ።

"ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?" አላት።

"ጥፍሬ አስቸገረኝ፣ አባባ።"

"ለዚህ ነው እንዴ የምታለቅሺው? እኔ እከረክምልሻለሁ።"

መዳፏ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠና የጥፍሮቿን ጫፍ ብቻ ቀስ እያለ ቀረጠፈ። ምንም አላመማትም፤ እንዲያውም ጢሙ ኮርኩሯት ሳቀች። ብርድ ልብሱም ለቀቃት።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ!" አለችው ከልቧ።

አይጡ ግን እንዲህ ማመኗን ሲያይ ልቡ አበጠ። ደም ወዳለበት፣ ቀላ ወዳለው የጥፍሯ ሥር ጥርሱን ሰደደ።

"ውይ!" ብላ ጮኸች፤ ሳታስበውም የግራ መዳፏ ተወነጨፈ።

ሽማግሌው የጅራቱን እኩሌታ ጥሎ ጉድጓዱ ውስጥ ተወረወረ። አይጦቹ ከበው፣ "አባባ፣ ጨረሱ?" አሉት።

"የቀኙን ጨርሻለሁ" አለ እያለከለከ፤ "ለግራው ከእናንተ አንዱ ይሂድ።"