ባለቤት ያልተገኘለት እጅ

በጀርመን አገር የቴምብር ሥዕል የምትሠራ አንዲት ሴት ነበረች። አንድ ቀን ትልቅ ሥራ ተሰጣት። ስማቸው ለገነነ፣ ዛሬ በሕይወት ለሌሉ የቴአትር አዘጋጆች መታሰቢያ ቴምብር ሊታተም ነው። የአንደኛውን አንቺ ሥሪ ተባለች፤ የሰውየው መልክ በአንድ በኩል፣ እጅግ የታወቀበት ቴአትር የመጨረሻ ትዕይንት በሌላ በኩል።

የትዕይንቱን ፎቶግራፍ ሰጧት። አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ፎቶግራፍ ነው። አንዲት ተዋናይት መድረክ ላይ ብቻዋን ቆማለች። ሠዓሊዋ አጉልታ አየችው። ደግማ አየችው። በተዋናይቷ ትከሻ ላይ እጅ አለ። የእሷ እጅ አይደለም። ታዲያ የማን ነው? ባለ እጁ የት ሄደ?

ብትተወውስ፣ ማን ያውቅባታል? ቴምብር እኮ ናት፤ ከሁለት ጣት አትሰፋም። እሷ ግን መተው አቃታት። የአዘጋጁ ባለቤት ወይዘሮ ኢርምጋርድ በሕይወት ነበሩና ሄዳ ጠየቀቻቸው። አሮጊቷ ፎቶግራፉን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። አላውቅም አሉና ሥራ አለብኝ ብለው አሰናበቷት።

ሥዕሉን የሚያጸድቀው ኮሚቴ ተሰበሰበ። ወይዘሮ ኢርምጋርድም በክብር ተጠርተዋል። ሰብሳቢው ሥዕሉን አዩና እጁን አጥፊው አሏት። ማን እንደሆነ ሳላውቅ አላጠፋም አለች። እንግዲያው ሥራው ለሌላ ይሰጣል አሉ። ወገኖቼ፣ ለዚያች ሴት እንዲህ ያለ ሥራ በዕድሜ አንዴ ነው የሚገጥማት። ወረቀቶቿን መሰብሰብ ጀመረች።

አሮጊቷ ይህን ሁሉ ተቀምጠው ያያሉ። ዝም ቢሉ የባላቸው ስም እንደተከበረ ይቀራል። ቢናገሩ በገዛ አፋቸው ሊያጎድፉት ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ።

«የሎሬንስ እጅ ነው» አሉ። «ያን ቴአትር ከተዋናይቷ ጋር የተጫወተው እሱ ነው። በመንግሥት ላይ ተናገረ ተብሎ ታሰረ። ባለቤቴ ፈራ። ከፎቶግራፉ ላይ በጥቁር ቀለም ሸፈነው፤ ስሙንም ዳግመኛ አላነሣም። ቀለሙን የያዝኩለት እኔ ነኝ።»

ሰብሳቢው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ታዲያ መታሰቢያው ይቅር ወይ፣ ብለው ጠየቋቸው።

«አይቅር» አሉ። «ባለቤቴ ትልቅ አዘጋጅ ነበር። ፈሪም ነበር። ሎሬንስን መልሱት።»

ሠዓሊዋ፣ ወይዘሮዋ አጠገቧ ሆነው መልኩን እየነገሯት፣ ሎሬንስን መልሳ ሣለችው። ኮሚቴው ብዙ ተከራክሮ አጸደቀው፤ ታተመ።

ሎሬንስ ግን አልሞተም ነበር። ከእስር ወጥቶ፣ ወደ መድረክ ሳይመለስ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ አርጅቷል። ወይዘሮ ኢርምጋርድ ቴምብሩን በፖስታ አልላኩለትም። በባቡር ራሳቸው ሄዱ። በሩን አንኳኩ። ከፈተ፤ አወቃቸው። ቴምብሩን ዘረጉለት። ተቀብሎ አየው።

«ዘገያችሁ» አላቸው።

ይህን ብሎ ፊቱን አዙሮ ወደ ውስጥ ገባ። በሩን ግን አልዘጋውም።

ይቅር አላቸው ወይ ትሉኝ ይሆናል። አላውቅም። እኔ የምጠይቀው ስለ እናንተ ነው።

በየቤታችን ስሙ የማይነሣ ሰው የለም? በርስት የተጣላነው ወንድም፣ ከሠርጋችን ያስቀረናት እህት፣ ክፉ ቀን ሲመጣበት «አላውቀውም» ያልነው ባልንጀራ የለም? እኔ ምን አደረግሁ፣ ዝም ነው ያልኩት እንላለን። ዝም ያልነው እኮ ሌላው ሲሸፍነው ቀለሙን ይዘንለት ነው! እግዚአብሔር ያን ሰው ያየዋል። እኛ ሸፈንነው ብለን ከእሱ ዐይን አይሰወርም።

ሄጄ ይቅር ባይለኝስ ትላላችሁ። ላይላችሁ ይችላል። ልታስገድዱት አትችሉም። እናንተ ግን ሂዱ። በስልክ አይሁን፤ ሽማግሌም አታስቀድሙ፤ በእግራችሁ ሂዱ። «ዘገያችሁ» ብሎ የሚወቅሳችሁ ሰው በሕይወት ሳለ ሂዱ።