በረኪና የጠጡት የአያሌው ከብቶች

ተረቴ ጭስ የላትም፣ እሳት ግን አላት።

ማናህሎሽ የምትባል ሴት ባሏ አያሌው ሞተባት። አያሌው የሽንት ቤቱንና የበረቱን ቆሻሻ በጓሮ ጉድጓድ አጠራቅሞ፣ ከዚያ በሚወጣው ጋዝ የሚነድ ምድጃ በእጁ ሠርቶላት ነበር። በሐዘኗ መካከል አንድ ነገር አማራት፤ በዚያ ምድጃ የፈላ አንድ ብርጭቆ ሻይ። ክብሪት ጫረች። ምድጃው አልነድ አለ።

ምነው ብትለው ቧንቧው ጋዝ ነፈገኝ አላት። ቧንቧውን ብትጠይቀው በጉድጓዱ አሳበበ። ግራ ገባት። ጉድጓዱ አልተነፍስ አለ፣ ቧንቧው አልሰጥ አለ፣ ምድጃው አልነድ አለ።

ጉድጓዱ ደግሞ ከብቶቹ አልበላ አሉኝ አላት። አያሌው «ከብቶቼ» የሚላቸው በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ናቸው፤ አየር በሌለበት ጨለማ ቆሻሻ በልተው ጋዝ ይሰጣሉ። ብትጠይቃቸው፣ በረኪና አንጀታችንን አቃጠለው አሏት። በረኪናው አልራራ አለ፣ ከብቶቹ አልበላ አሉ፣ ጉድጓዱ አልተነፍስ አለ፣ ቧንቧው አልሰጥ አለ፣ ምድጃው አልነድ አለ።

በረኪናውን ማን አመጣህ ብትለው ወደ ጎረቤቷ ወደ ትርንጎ ጠቆማት። የእድሩ ሴቶች ለቀስተኛው የሚጠቀምበትን ሽንት ቤት በተራ ያጥባሉ፤ ተረኛዋ ሁሉ ያለፈችው በደንብ አላጠበችም እያለች በረኪና በላይ በላዩ ታፈስሳለች።

«የአያሌው ቤት ሸተተ ይባልልሽ?» አለች ትርንጎ ጄሪካኗን እንዳቀፈች። «ለቀስተኛው ካልሄደ አልተውም።»

ማናህሎሽ ለቀስተኛው ዘንድ ገባች። ሽማግሌው ጋሽ ይርዳው ከፍራሹ ቀና አሉ። «ልጄ፣ ትኩስ ነገር ካፍሽ ሳይገባማ ጥለንሽ አንሄድም።»

ለቀስተኛው አልሄድ አለ፣ ትርንጎ አልተው አለች፣ በረኪናው አልራራ አለ፣ ከብቶቹ አልበላ አሉ፣ ጉድጓዱ አልተነፍስ አለ፣ ቧንቧው አልሰጥ አለ፣ ምድጃው አልነድ አለ። ማናህሎሽ መሄጃው ጠፋት።

«እኔ የምጠጣው የሱ ምድጃ ሲነድ ነው» አለች። «እናንተ ካልሄዳችሁ ደግሞ አይነድም።»

ጋሽ ይርዳው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «ለካ የአያሌውን ከብቶች የምንፈጃቸው እኛ ነን» አሉና ተነሡ።

ለቀስተኛው ሄደ፣ ትርንጎ ተወች፣ በረኪናው ቀረ። ትርንጎ ከራሷ በረት ትኩስ እበት እያመጣች ጉድጓዱን መገበችው። ሳምንታት አለፉ። ከብቶቹ በሉ፣ ጉድጓዱ ተነፈሰ፣ ቧንቧው ሰጠ፣ ምድጃው ሰማያዊ ሆኖ ነደደ።

«አያሌው፣ ነደደ» አለች፤ ከዚያ ዙሪያዋን አየች።

ስኳር የሚጨምርላት እሱ ነበር። ሻዩ ለምን እንደመረራት ግራ ገብቷት፣ እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

ተረቴ ነደደች። ጭስ ግን የላትም፤ ዓይናችሁ ቢያነባ በእሷ አታመካኙ።